አፍንጫ፣ አንገትና ጭንቀት፦ በአንድ የምክንያት ሰንሰለት ላይ የቀረበ ሒስ

የአፍንጫ አለርጂ ያለበት ልጅ በአፉ ይተነፍሳል፤ በአፉ ሲተነፍስ አንገቱን ወደ ፊት ያስቀድማል፤ የጎበጠው አቋሙ ደግሞ ጭንቀት ያሳድርበታል የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይነበባል። ሐሳቡ ማራኪ ቢሆንም የሰንሰለቱ ቀለበቶች እኩል ጥንካሬ የላቸውም።

ሶሎውና ክራይቦርግ እ.ኤ.አ. በ1977 ያቀረቡት መላ ምት የአየር መተላለፊያ መጥበብ የጭንቅላትን አያያዝ እንደሚለውጥ፣ ይህም ለስላሳ አካላትን ወጥሮ የፊት አጥንትን እድገት ሊመራ እንደሚችል ያስረዳል። የሚናገረው ግን ስለ ጭንቅላትና ስለ መንጋጋ ነው፤ ስለ ጭንቀት አይደለም። መጎበጥና ጭንቀት አብረው መታየታቸውም የትኛው እንደቀደመ አይነግርም፤ የፈራ ልጅም አንገቱን ይደፋልና።

በሴቻ ለሚሠራ ባለሙያ ሌላም ጥያቄ ይነሣል። ከከተማው ሽቅብ ባሉት የዶርዜ ደጋዎች ሽመና የቤተሰብ ሙያ ነው። በሸማ ጉድጓድ ጎንበስ ብሎ የጥጥ ብናኝ እየሳበ የሚውል ልጅ አፍንጫውም ጀርባውም በአንድ ሥራ ሊጎዳ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አንዱ ለሌላው ምክንያት አይሆንም። የቤት ውስጥ ጭስም እንዲሁ መታሰብ አለበት። በጅማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት በቤት ውስጥ ነጭ ጋዝ መጠቀም ከአለርጂ ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል።

አስተያየቱ በጥቂቱ ብቻ የነካው፣ ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ እንቅልፍ ነው። አፍንጫው የታፈነ ልጅ ያንኮራፋል፣ ደጋግሞ ይነቃል፤ በማግስቱ ይነጫነጫል፣ ትኩረት ያጣል። ቤተሰቡ «ሳይነስ ነው» ብሎ ያመጣዋል፤ ብዙ ጊዜም ክሎርፌኒራሚን ተሰጥቶት ይመለሳል። እዚህ ላይ ሕክምናው ራሱ ይመረመር። ቩርማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት፣ አለርጂ ካለባቸው ልጆች መካከል የሚያስተኛ ፀረ ሂስታሚን የሆነውን ዳይፈንሃይድራሚን የወሰዱት ሎራታዲን ከወሰዱት ያነሰ ትምህርት ይዘዋል። በመድኃኒት የደነዘዘ ልጅ በክፍል ውስጥ ዝምተኛ ወይም ፈሪ ይባላል፤ የመድኃኒቱ ጠባይ የልጁ ጠባይ ሆኖ ይቆጠራል።

እናቲቱ ስለ ማንኮራፋቱ፣ ስለ ማገዶውና እስካሁን ስለ ወሰደው መድኃኒት ሳትጠየቅ «ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» የሚለው ምክር ይዘገይ። የአፍንጫ ስቴሮይድ የሚገኝ ከሆነ ሙሉ ውጤቱን ለማየት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ የልጁ ጭንቀት መመዘን የሚገባውም ሌሊቱን ተኝቶ ማደር ከጀመረ በኋላ ነው።