ስቲቭ ብሉመር፦ የግቦቹ ዝናና የጉልበቱ ዋጋ

የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1885 ተጫዋቾች ክፍያ እንዲቀበሉ ከፈቀደ በኋላ ባደገው የሙያተኞች ትውልድ ውስጥ የስቲቭ ብሉመርን ያህል በቁጥር የሚታወስ ሰው ማግኘት አዳጋች ነው። በሊግ ውድድር 352 ግብ፣ ለብሔራዊ ቡድኑ ደግሞ በ23 ጨዋታ 28 ግብ ማስቆጠሩና አምስት ጊዜ የአንደኛው ዲቪዚዮን ኮከብ ግብ አግቢ መሆኑ በየታሪኩ ይደጋገማል። ይህ ቆጠራ ትክክል ቢሆንም ሰውየው በክለብ ደንብ ሥር የሚተዳደር ደመወዝተኛ እንደነበር ይጋርዳል፤ የብሉመር ሕይወት ይበልጥ የሚያስተምረው እንደ ሠራተኛ ታሪክ ሲነበብ ነው።

ብሉመር በ1874 በሰንሰለት ሥራዋ በምትታወቀው ክራድሊ ከብረት ቀጥቃጭ አባት ተወልዶ፣ ቤተሰቡ ወደ ደርቢ ከተዛወረ በኋላ እሱም በወጣትነቱ በዚያው ሙያ አልፏል። በ1892 ለደርቢ ካውንቲ መሰለፍ ሲጀምር፣ በፕሪስተን ኖርዝ ኤንድ ስም ያተረፈው አንጋፋው ጆን ጉዶል አብሮት ይጫወት ስለነበር፣ ለአጨዋወቱ መብሰል የቅርብ መሪ አገኘ። ፊቱ የገረጣና ሰውነቱ ደቃቃ የሆነው ይህ አጥቂ ብልጫው በጉልበት ሳይሆን በቅጽበታዊ ውሳኔ ነበር፤ ኳሷን አቁሞ ከማመቻቸት ይልቅ እንደመጣች በሁለቱም እግሩ ስለሚመታ፣ ግብ ጠባቂዎች ቦታቸውን ለማስተካከል ጊዜ አያገኙም ነበር።

ይህ ችሎታ ለባለቤቱ ያስገኘው ዋጋ ግን በሁለት ደንቦች የታጠረ ነበር። የመጀመሪያው ከ1893 ጀምሮ የጸናው የማቆያና የዝውውር ሥርዓት ሲሆን፣ በዚህ መሠረት የተጫዋቹ ዓመታዊ ውል ቢያልቅ እንኳ ክለቡ ካልለቀቀው ወይም ካልሸጠው በቀር በሊጉ ለሌላ ክለብ መሰለፍ አይችልም ነበር። ሁለተኛው በ1901 ሥራ ላይ የዋለው የደመወዝ ጣሪያ ነው፤ ማንም ተጫዋች፣ የቱንም ያህል የተደነቀ ቢሆን፣ በሳምንት ከ4 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው አገደ። ደርቢ በ1906 ብሉመርን ለሚድልስብሮ በ750 ፓውንድ ሲሸጠው የእነዚህ ደንቦች ትርጉም ፍንትው ብሎ ይታያል፦ ገንዘቡ በደመወዝ ጣሪያው ሲሰላ አንድ ተጫዋች ከሦስት ዓመት ተኩል በላይ ሠርቶ የሚያገኘው ነው፤ የተከፈለው ግን ለሻጩ ክለብ ነው። ገዢው ሚድልስብሮ ከአንድ ዓመት በፊት አልፍ ኮመንን በ1,000 ፓውንድ በማስፈረም ብዙዎችን ያስደነገጠ ክለብ ሲሆን፣ ዳይሬክተሮቹም ለተጫዋቾች ከደንብ ውጪ ጉርሻ በመክፈላቸው ቅጣት ደርሶባቸዋል። ቅጣቱ ራሱ፣ ጣሪያው ከገበያው እውነት ምን ያህል የራቀ እንደነበር ይመሰክራል።

በእነዚህ ደንቦች የተነሳ የብሉመር የዋንጫ ዕድልም ከክለቡ ዕድል ጋር የታሰረ ነበር፦ ደርቢ በ1898 እና በ1899 በእንግሊዝ ዋንጫ ፍጻሜ ተሸነፈ፤ ብሉመርም የአንደኛውን ዲቪዚዮን ዋንጫ ሳያነሳ ቀረ። እሱን የሸጠው ክለብ በ1907 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወረደ፤ በ1910 መልሶ አስፈረመው፣ በ1912 በሻምፒዮንነት ወደ አንደኛው ዲቪዚዮን የተመለሰውም እሱኑ ይዞ ነው።

በ1914 በ40 ዓመቱ መጫወት ሲያቆም፣ ብሪታንያ በርሊን የተባለውን ክለብ ለማሠልጠን ወደ ጀርመን ሄደ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ክለቦች ውስጥ አሠልጣኝ የሚባለው በአመዛኙ የሰውነት ጥንካሬን የሚከታተል ሰው ስለነበር፣ የጨዋታ ጥበብ ለማስተማር የፈለገ ሙያተኛ ሥራ የሚያገኘው በአብዛኛው ከአገሩ ውጪ ነበር። ብሉመር በደረሰ በሳምንታት ውስጥ ጦርነት ፈነዳና ከሌሎች የብሪታንያ ዜጎች ጋር በሩህሌበን ታሰረ፤ ስፍራው ቀድሞ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ስለነበር እስረኞቹ ያድሩ የነበረው በጋጣዎቹ ውስጥ ነው። እስከ 1918 በቆየበት በዚህ እስር፣ ፍሬድ ፔንትላንድንና ጆን ካሜሮንን ከመሰሉ የቀድሞ ተጫዋቾች ጋር ሆኖ በእስረኞቹ የእግር ኳስ ውድድሮች ተሳትፏል።

የማሠልጠን ችሎታው በግልጽ የተመሰከረው በስፔን ነው፤ የኢሩኑን ሬያል ዩኒዮን ይዞ በ1924 ሬያል ማድሪድን 1 ለ 0 በማሸነፍ የንጉሡን ዋንጫ ወሰደ። ወደ እንግሊዝ ሲመለስ ግን ይህን ዋንጫ ላመጣ ሰው የዋና አሠልጣኝነት ወንበር አልጠበቀውም፤ በ1938 እስኪሞት ባሉት የመጨረሻ ዓመታት የሠራው በደርቢ ካውንቲ በረዳትነት ነበር።