«ማስተጋባት» ወይስ «ሬዞናንስ»? ስለ አንድ ስያሜ የቀረበ ሒስ

በቅርቡ እጃችን የገባ አንድ የኬሚስትሪ ትርጉም የባለቅርንጫፍ ፖሊመሮች ሞለኪውላዊ እንቅስቃሴ በ«መግነጢሳዊ ማስተጋባት» እንደሚጠና ይገልጻል። «ባለቅርንጫፍ» የተዋጣ ስያሜ ነው። ለደቡብ ጎንደር አንባቢም ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ በጉና ግርጌ የሚበቅለው ድንች ስታርቹ በአብዛኛው አሚሎፔክቲን የተባለ ባለቅርንጫፍ ፖሊመር ነው። ተቀቅሎ ያደረ ድንች የሚጠጥረውም ሰንሰለቶቹ ዳግም ተሰባስበው እንቅስቃሴያቸው ስለሚቀንስ ነው።

የምንቃወመው «ማስተጋባት»ን ነው። ነሐሴ 13 ቀን፣ ከተማይቱ ስሟን በምትጋራው በደብረ ታቦር በዓል፣ እረኛ ጅራፉን ሲያጮኽ ገደሉ ድምፁን ይመልሳል፤ ማስተጋባት ይህ ነው። ሬዞናንስ ግን ዥዋዥዌን ይመስላል፤ የራሱን ምልልስ ጠብቀው ቢገፉት በትንሽ ኃይል ከፍ ይላል። በመግነጢስ መስክ ውስጥ ያለ የአቶም ኑክሊየስም ጉልበት የሚቀበለው የራዲዮው ሞገድ ድግግሞሽ ከራሱ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም ነው።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ባለፍነው ነበር። ነገር ግን ኧርዊን ሃን በ1950 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት «ስፒን ኤኮ» የሞለኪውልን እንቅስቃሴ ለመለካት ዛሬም የሚሠራበት ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ የደከመው ምልክት በእርግጥ ተመልሶ ይሰማል፤ የታሰረው የሞለኪውል ክፍል ምልክት ቶሎ ሲጠፋ፣ እንደ ልቡ የሚንቀሳቀሰው ይቆያል። «ማስተጋባት» የሚገባው ለዚህ ነበር። ስሙ ቀድሞ ስለተያዘ ተርጓሚው ኤኮን «ዳግም ማስተጋባት» ለማለት ተገድደዋል፤ አንባቢም ያልነበረውን የመጀመሪያ ሲፈልግ ይቀራል።

ስለዚህ «ሬዞናንስ» እንዳለ ይወሰድ፤ «ማስተጋባት»ም ለኤኮ ይመለስ።