«ራማቶሓራ» በኦቴሎ አንባብያን ዓይን

ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያሳተመው «ዴርቶጋዳ» በባዕድ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሊቅ ዕውቀቱን ለወገኑ እንዲያውል ያለውን ምኞት የስለላ ታሪክ አልብሶ ያቀረበ ድርሰት ነው። ተከታዩ «ራማቶሓራ» ግን በሲያትል፣ ኦቴሎ ሰፈር በማውቃቸው አንባብያን ዘንድ የፊተኛውን ያህል አልተመሰገነም፤ «ጀብዱው ተጋነነ» የሚሉት ይበዛሉ። ነቀፌታው መሠረት አለው፤ ምስጢር በምስጢር ላይ ሲደራረብ አንባቢ መጓጓቱን ትቶ መጠራጠር ይጀምራልና። ሆኖም ጠለቅ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ማመን የተሳናቸው የስለላውን ረቂቅነት አልነበረም፤ ሊቅ ወደ አገሩ ቢመለስ በነጻነት የሚሠራበት ሥፍራ ያገኛል የሚለውን ተስፋ ነው። ይህ የደራሲው ጉድለት ብቻ ሊባል አይገባውም፤ ስደተኛ ፊተኛውን መጽሐፍ በናፍቆት ቢያነብ፣ ተከታዩን የሚመዝነው በገዛ ሕይወቱ ነው።