«የምታገባው ዘመዷ»፦ ስለ ልብ ወለድ ዝምድና የተማሪዎች ቀልድና ግምት በሐረር ክፍሎች

ወጣት አንባቢ ልብ ወለድ ሲያነብ ከመምህሩ ጥያቄ ይልቅ የራሱን ጥያቄ ያስቀድማል። ከጥያቄዎቹም ብዙዎቹ ዝምድናን የሚመለከቱ ናቸው። እገሌ የማን ልጅ ነው? እነዚህ ሁለቱ በእርግጥ አይዛመዱምን? አባት የተባለው ሰው እውነተኛው አባት ነውን? ጥያቄው ብዙውን ጊዜ በቀልድ ተሸፍኖ ስለሚቀርብ መምህሩ እንደ ረብሻ ቆጥሮት ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በሐረር ከተማ አማርኛ ባስተማረባቸው ዓመታት ይህንኑ ሲያደርግ ኖሯል። ዛሬ መለስ ብሎ ሲያስበው ግን ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከሰማቸው ሂሶች መካከል ጠንከር ያሉት የመጡት ከኋላ ወንበር፣ በሳቅ ታጅበው እንደ ነበር ይገነዘባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እነዚያን ቀልዶች እንደ ቀልድ ብቻ ሳይሆን እንደ ሥነ ጽሑፍ ሂስ መመርመር ነው።

በቅድሚያ የክፍሉን ሁኔታ መግለጽ ያስፈልጋል። ሐረር ሁለት ከተማ ናት ማለት ይቻላል። አንደኛዋ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር የታጠረችው ባለ አምስት በሯ ጁገል ናት። ሁለተኛዋ ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ፣ ዐፄ ምኒልክ ከተማዋን ከያዙ በኋላ፣ ከግንቡ ውጭ እየሰፋች የሄደችው ናት። የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል የሁለቱም ልጆች መገናኛ ነው። በአንድ ወንበር ላይ ጌይ ሲናን ተናጋሪ የሐረሪ ልጅ፣ በዙሪያው ካሉት ቀበሌዎች የሚመጣ የኦሮሞ ልጅ፣ ወላጆቹ ከሸዋ ወይም ከጎጃም የመጡ የአማራ ልጅ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። ሦስቱም አንድ መጽሐፍ ያነባሉ፤ ዝምድና የሚቆጥሩበት ሥርዓት ግን አንድ አይደለም።

ከደገኛው ክርስቲያን ቤት የመጣው ተማሪ ጋብቻ «ሰባት ቤት» ካልተቆጠረ ነውር መሆኑን ከእናቱ ጓዳ ሰምቶ አድጓል። የኦሮሞው ልጅ ጎሳ ውስጥ እንደማይገባ ያውቃል፤ ጉዲፈቻ የገባ ልጅም ከአብራክ እንደ ወጣ ልጅ ተቆጥሮ የጎሳው አባል መሆኑን ያውቃል። (አማርኛ ይህንን ቃል ከኦሮምኛ ወስዶ የራሱ ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም።) የሐረሪው ልጅ ደግሞ አህሊ በሚባለው የዘመድ አዝማድ ኅብረት ውስጥ ይኖራል። በእስልምና ሸሪዓ የአጎትና የአክስት ልጆች መጋባት አልተከለከለም፤ በአንጻሩ ከአንድ ጡት የጠቡ ሁለት ልጆች በሥጋ ባይዛመዱም እንኳ ሊጋቡ አይችሉም። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በጎን ዝምድና የከለከለው ወንድምና እኅትን፣ አጎትና አክስትን እንጂ የአጎት ልጅን አይደለም። እንግዲህ «ዘመድ» የሚለው ቃል በመጽሐፉ ገጽ ላይ አንድ ሆኖ ቢታተምም በክፍሉ ውስጥ ሦስት ቃል ነው።

በአንድ ፈተና ላይ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ «ጉዱ ካሣ ለሰብለ ወንጌል ምኗ ነው?» የሚል አጭር ጥያቄ አውጥቶ ነበር። የሚጠበቀው መልስ የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ መሆኑ፣ ቢበዛም አማካሪዋና ምሥጢረኛዋ መሆኑ ነበር። ከጁገል ውስጥ የምትመጣ አንዲት ተማሪ «የምታገባው ዘመዷ» ብላ ጻፈች። መምህሩ በቀይ ቀለም ሰረዘው። መሰረዙ ባልከፋ፤ መልሱን ለክፍሉ አንብቦ አሳቀበት። ልጅቱ ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ክፍል እጇን አላወጣችም። ጸሐፊው በማስተማር ዘመኑ ከሠራቸው ስሕተቶች ሁሉ የሚቆጨው ይህ ነው፤ ምክንያቱም መልሱ ስሕተት ሳይሆን ያልተጠየቀ ጥያቄ ነበር።

ጥያቄውን አፍታትተን እንየው። ካሣ ዳምጤ በፊታውራሪ ግቢ እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል። በአደባባይ የሚናቀው፣ «ጉዱ» የተባለው ሰው ከባላባቱ ልጅ ጋር ሌላ ሰው ሊያወራው የማይደፍረውን ነገር ያወራል። የፍቅሯን ምሥጢር ያውቃል፤ ይረዳታልም። እንዲህ ያለውን ቅርበት እናቷ ወይዘሮ ጥሩአይነትም ሆኑ የሰፈሩ ሰው፣ አንባቢውም ጭምር፣ በጥርጣሬ አይመለከቱትም። ለምን? ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ስለዚህ ጉዳይ ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። የጎጃሙ የዝምድና ሕግ በሩን አስቀድሞ ዘግቶታልና ካሣ ሊጠረጠር አይችልም። የጁገሏ ልጅ ያነበበችው ግን በሩ ክፍት ከሆነበት ቤት ሆና ነው። ለእርሷ ዘመድ መሆኑ የማይጠረጠርበት ሳይሆን ቀድሞ የሚታሰብበት ምክንያት ነው። በመሆኑም መጽሐፉ ከተጻፈበት አገር የመጣ አንባቢ ፈጽሞ ሊያየው የማይችለውን ዝም ያለ ምሰሶ አየችው። ቤቱ የቆመበት ምሰሶ የሚታየው ከውጭ ለመጣ ሰው ነው። ሂስ ማለት ይህ ካልሆነ ምን እንደሆነ ጸሐፊው አያውቅም።

ሁለተኛው ቀልድ ለዛ ያለውና ከሐረር ሌላ የትም ሊወለድ የማይችል ነው። በጌይ ጋር፣ ማለትም በሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ፣ መደቦቹ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ስለሆኑ ሰው ገና ሲቀመጥ ማዕረጉ ይታወቃል። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ምንጣፍ ደግሞ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጃገረድ መኖሯን እንደሚያመለክት ይነገራል። በሌላ ዓመት፣ በሌላ ክፍል፣ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጡትን አማቾች በዘር አይመጥኑንም እያሉ ሲመልሱ የሚተረከው ክፍል እየተነበበ ሳለ አንዱ ተማሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ እዚያ ቤት ምንጣፉን ብል በላው!» አለ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ መምህሩም ሳቀ። በአንዲት ዐረፍተ ነገር የሰብለ ወንጌል ዕድሜ ማለፍ፣ የአባቷ ትዕቢት፣ የቤቱም መበስበስ ተጠቃለለ። ብዙ የማጠቃለያ ማስታወሻ ከዚህ ያነሰ ይናገራል።

ወደ ግምቶቹ እንለፍ። ከግምቶች ሁሉ የተስፋፋውና መምህራንም ደጋግመው የሚሰሙት «በዛብህና ሰብለ ወንድምና እኅት ቢሆኑስ?» የሚለው ነው። ግምቱን የሚያቀርቡት ተማሪዎች ፊታውራሪን በወጣትነታቸው በማንኩሳ በኩል አሳልፈው አንድ ሌሊት ያሳድሯቸዋል። የቀረውን መናገር አያስፈልግም። ከጁገል የሚመጡት ልጆች ይህንን ግምት ለውጠው የጡት ዝምድና ያደርጉታል፦ ሰብለንና በዛብህን አንዲት ሞግዚት አጥብታቸዋለች ይላሉ። ከክርስቲያን ቤት የሚመጡት አንዳንዶቹ ደግሞ ክርስትና ያነሣ ሰው ፈልገው ያገናኟቸዋል። ልብ ይባል፤ እያንዳንዱ ወገን ሁለቱን ፍቅረኞች የሚለያየው በራሱ ቤት ጋብቻን በሚከለክለው ሕግ ነው።

ግምቱ በመጽሐፉ ምስክርነት ሲመዘን አይቆምም። ሐዲስ ዓለማየሁ ትረካውን የጀመሩት ከፍቅረኞቹ ሳይሆን ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ነው። የሁለቱን አገናኝና ትዳር፣ የልጁን መወለድና መታመም፣ ለቤተ ክርስቲያን በስለት መሰጠቱንም በስፋት ተርከዋል። ብዙ ተማሪዎች «ታሪኩ ለምን ቶሎ አይጀምርም?» ብለው የሚያማርሩበት ይህ መግቢያ አንዱ ጥቅሙ የበዛብህን ትውልድ ከጥርጣሬ ማውጣቱ ነው። የተወለደበት ቤት ታውቋል፤ የሚደበቅ አባት የሚገባበት ቀዳዳ የለም። መምህሩ ግምቱን በቁጣ ከመዝጋት ይልቅ «እሺ፣ ገጹን አሳዩኝ» ቢል ተማሪዎቹ ያማረሩበትን ምዕራፍ ሁለተኛ ጊዜ ያነብባሉ። ጸሐፊው ይህን ዘዴ ደጋግሞ ሞክሮታል፤ በሌላ መንገድ ያንን ምዕራፍ በፈቃዳቸው የደገሙ ተማሪዎች አላጋጠሙትም።

ይሁን እንጂ ግምቱ ወደቀ ማለት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ተማሪዎቹ ይህንን ግምት ለመፍጠር ለምን እንደ ተገደዱ መጠየቅ ይገባል። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ባላባትና ጭሰኛ የሚባለው ልዩነት ሕያው ነበር። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ከሆነበት ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የተወለደ ልጅ ግን ሁለት ሰዎች «ዘሩ ከዘሬ አይመጥንም» ተብሎ እስከ ሞት መለያየታቸውን አንብቦ ሊያምን ይቸገራል። ምክንያቱ ለመከራው ያንሰዋል። ስለዚህ ለመከራው የሚመጥን፣ እርሱ ራሱ የሚያከብረውን ክልከላ ይፈልጋል፤ ያም ሥጋ፣ ጡት ወይም ክርስትና ነው። ግምቱ ስለ በዛብህ የሚነግረን ነገር የለም፤ ስለ አንባቢው ግን ብዙ ይነግረናል፦ የመጽሐፉ ዋና ክስ፣ ማለትም የዘር ማዕረግ ሰው ሠራሽ ግድግዳ መሆኑ፣ ለዚህ ትውልድ ግልጽ ከመሆኑ የተነሣ ግድግዳው ራሱ አልታይ ብሎታል። መምህሩ ማስተማር ያለበት እዚህ ላይ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማው ትውልድ የፊታውራሪን ድምፅ ሲሰማ የሚያውቀው ሰው ትዝ ይለው ነበር። የዛሬው ተማሪ ግን የሚያውቀው ፊታውራሪ የለም።

ስለ «ጦቢያ» ጥቂት ማንሣት ያስፈልጋል። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው ይህ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ መንትዮቹን ዋሕድንና ጦቢያን ይዞ የሚጓዝ ነው። ጦቢያ በወንድ ልብስ ተሰውራ ስትኖር የንጉሡ ዘመድ የሆነችው ልጃገረድ ወንድ መስላት ትወድዳታለች። በመጨረሻ የጦቢያ ማንነት ሲገለጥ መልኳ የሆነው ወንድሟ ይቀርብና ሁሉም በጋብቻ ይጠናቀቃል። አንድ ተማሪ ዋሕድን «የመለዋወጫ ዕቃ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ቀልዱ የደራሲውን ዘዴ ብልቱን ያገኘ ነው፤ መንትያነት በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የዝምድና ጉዳይ ሳይሆን የትረካ ጥገና ነው። ከዚያው ጋር ጋብቻው የሚፈጸመው ከሌላው እምነት ወገን የሆኑት ሲጠመቁ መሆኑን የጁገል ልጆች ሳያዩት አያልፉም። በዚህ ላይ ግን አይቀልዱም፤ ዝም ይላሉ። መምህሩ ከቀልዱ ይልቅ ዝምታውን ቢፈራ ይሻላል።

እንዲህ ያለው ግምት የእኛ ተማሪዎች ብቻ ጠባይ አይደለም። የእንግሊዛዊው ዲከንስ አንባቢዎች በየክፍሉ እየታተሙ የሚወጡትን ልብ ወለዶች ሲጠብቁ የማን አባት ማን እንደሆነ ይገምቱ ነበር፤ ደራሲውም ይህንን ጠባይ እያወቀ ይመግበው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2007 በሰባት ቅጽ የወጣው የሃሪ ፖተር ታሪክም አንባቢዎቹን ለዓመታት በዝምድና ግምት አድክሟል። በመጨረሻው ቅጽ ልጁና ጠላቱ ከጥንት ወንድማማቾች የሚወለዱ መሆናቸው ሲፈነጠቅ ግምተኞቹ ደስ አላቸው። ይህንን በክፍል ያወሳ አንድ የሐረር ተማሪ ግን «ጋሼ፣ እሱማ ሰባት ቤት አልፏል፤ ቢጋቡም ይችላሉ» ብሎ ነገሩን በአጭሩ ቋጨው። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። እዚያ ዝምድና የምሥጢር መፍቻ ቁልፍ ነው፤ እዚህ ግን በየዕለቱ የሚሠራበት ሕግ ስለሆነ ቁልፉ ከመገኘቱ በፊት ይቆጠራል። በተለይ ለወጣቶች ተብሎ የተጻፈ የአማርኛ ልብ ወለድ አነስተኛ በመሆኑ ተማሪው ይህንን ቆጠራ የሚለማመደው በትልልቆቹ መጻሕፍት ላይ ነው። ይህም ጉድለት ብቻ ነው ለማለት ጸሐፊው አይደፍርም።

የፈተና አወጣጥን በተመለከተ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። «እገሌ ለእገሌ ምኑ ነው?» የሚለው ጥያቄ ለማረም ስለሚመች በአማርኛ ፈተናዎች ላይ ይዘወተራል። ጥያቄው አንድ መልስ ብቻ ያለው የሚመስለው ግን አራሚውና ደራሲው ከአንድ ዓይነት ቤት ስለመጡ ነው። ጸሐፊው ከዚያች ተማሪ በኋላ ጥያቄውን ለውጦ «ዝምድናውን ቁጠሩ፤ በማን ቤት ሕግ እንደ ቆጠራችሁም ጻፉ» ማለት ጀመረ። እርማቱ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። አንዳንድ ባልደረቦችም ይህ የሥነ ጽሑፍ ፈተና መሆኑ ቀርቶ የሽማግሌዎች ሸንጎ ሆነ ብለው ተችተዋል። ትችቱ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ አንዳንድ ወረቀት ላይ ሙሉ የዘር ሐረግ ተስሎ መጽሐፉ ግን አልተነካም።

በለወጠው ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች መካከል ጸሐፊው እስከ ዛሬ ያላረመው አንድ ወረቀት አለ። የመጽሐፉ ፍጻሜ ሰብለንና በዛብህን ብቻ ሳይሆን ጉዱ ካሣንም በአንድ መቃብር ያኖራል። ተማሪው፣ የሐረሪ ልጅ ነው፣ «ሦስተኛው ሰው እዚያ የገባው በምን ዝምድና ነው?» ብሎ ራሱ ጠየቀና ራሱ መለሰ። በአህሊ አይደለም አለ፤ በአህሊ ቢሆንማ በዛብህ ባዕድ ስለሆነ እርሱ ነበር ውጭ የሚቀረው። በአፎቻም አይደለም፤ አፎቻ ሰውን ይቀብራል እንጂ አብሮ አይቀበርም። እኛ ቤት ከልጅነት ጀምሮ አብረው ያደጉ ባልንጀሮች መሪኜት ይባላል፤ ካሣ ዕድሜው ቢገፋም ሁለቱን መሪኜት አደረጋቸው፤ ይህ ደግሞ ሰባት ቤት አይቆጠርለትም ብሎ ወረቀቱን ዘጋ። ከግርጌ፣ በትንሽ ጽሑፍ፣ «ጋሼ ይህ ቀልድ አይደለም» የሚል ጨምሮበታል።