ሹክርና እሮሮ በአሊዩ አምባ

አሊዩ አምባ ከአንኮበር ግርጌ፣ ወደ አፋር ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ የተቆረቆረች የነጋዴ ከተማ ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ያርፍባት፣ አርጎባው፣ አፋሩና ሐረሬው በአሞሌ ይገበያይባት ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን በ1842 እ.ኤ.አ. ንዳድ ይዞት የሰነበተው እዚሁ ነው።

የዚህ አገር ሰው በመከራ መሐል «አልሐምዱሊላህ» ሲል የሰማ ባዕድ እጅ መስጠት ይመስለዋል። ከእኛም ከተሜ ምሁር ይህን ፍርድ ሳያላምጥ የዋጠ አይጠፋም። ወዳጃ የተባለውን የዱዓ ሥርዓት ያየ ግን እንዲህ አይልም።

በይፋት፣ እንደ ወሎ ሁሉ፣ ችግር ሲከብድ ዱዓ ይቀመጣሉ። ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ዱዓ አድራጊው የጎደለውን እየጠራ ይዘረዝራል፦ የቀረውን ዝናብ፣ መንገድ የበላውን ነጋዴ፣ አልጋ የያዘውን ልጅ። ጀማዓው በየመሐሉ «አሚን» ይላል። መንዙማውና ድቤው ከዚህ እሮሮ ጋር አብረው ያድራሉ። ላሟ የሞተባትን ሴት «አይዞሽ፣ ሳቂ» የሚላት የለም፤ የእሷ ድምፅ ሲደክም የሌላው «አሚን» ይሸከምላታል። ሹክሩ የብቻ ጀግንነት አለመሆኑ፣ በእኔ እምነት፣ የወዳጃ ትልቁ ዕውቀት ነው።

ኪታቡም ይህን ይደግፋል። ኢማም አል-ገዛሊ (በ1111 እ.ኤ.አ. ያረፉት) «ኢሕያእ ዑሉም አድ-ዲን» በተባለው ሥራቸው ሰብርን (ትዕግሥትን) እና ሹክርን (ምስጋናን) በአንድ ክፍል አጣምረው ነው የጻፉት። የሰብር አርአያ የሚባሉት ነቢዩላህ አዩብም ጉዳታቸውን ለጌታቸው አሰምተዋል፤ ለአላህ ማልቀስ ሰብርን አያፈርስም።

እስከዚህ መልካም። ይሁንና አሊዩ አምባን አንሥቶ አብዱረሱልን መዝለል ማጭበርበር ይሆናል። አብዱረሱል የተባለው የባሪያ ገበያ ከከተማይቱ አጠገብ ነበር፤ ተፈንግለው የመጡ ልጆች ከዚያ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይነዱ ነበር። ቀን ሰው ሸጦ ማታ ለትርፉ ሹክር ያደረሰ ነጋዴ መኖሩን ለመገመት ብዙ ምናብ አይጠይቅም። ታዲያ ሰብር የሚመከረው ለማን ነው?

ገዛሊ ሰብርን ሲከፋፍሉ ሐራም የሆነ ሰብርም እንዳለ ይናገራሉ፦ እጁ ወይም የልጁ እጅ ሲቆረጥ ዝም ብሎ የሚታገሥ ሰው ሰብር። እሳቸው ይህን በባርነት ላይ አላዋሉትም፤ የዘመናቸው ፊቅህ ባርነትን ይፈቅድ ነበር። መለኪያው ግን ከመለካው ሰው አልፎ ይሄዳል፤ ልጇ ከጉያዋ የተነጠቀችባትን እናት «ታገሺ» የሚል ሁሉ በዚሁ ይመዘናል። ከአብዱረሱል የደረሰን ወሬ ደግሞ የተመልካቾችና የገበያተኞች ነው። የአሊዩ አምባን ሹክር አነበብን ስንል፣ ለጊዜው ያነበብነው የነጋዴውን ሹክር ነው።