መቶኛው የሸሸገው ፍሳሽ

ፊላን በመሳሰሉ የረግረግ ተክሎች የእንስሳት እርባታ ፍሳሽን ስለ ማጥራት የሚጻፉትን ስናገላብጥ፣ ሮበርት ናይትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 «ኤኮሎጂካል ኢንጂነሪንግ» በተሰኘው መጽሔት ያሳተሙትን ጥናት ደጋግሞ ሲጠቀስ እናገኘዋለን። ከ68 ሥፍራዎች የተሰበሰበውን የሰው ሠራሽ ረግረጎች መረጃ በአንድ መዝገብ ያጠቃለለ በመሆኑ መጠቀሱ ተገቢ ነው። ሂሳችን የሚያተኩረው በጥናቱ ላይ ሳይሆን፣ ከውስጡ ተመዝዞ በሚወጣው መቶኛ ላይ ነው።

ተመዝዞ የሚወጣው ቁጥር 65 በመቶ ነው፤ ይኸውም በፍሳሹ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ሲበሰብስ በአምስት ቀን የሚፈጀው ኦክሲጅን በዚህን ያህል ቀንሷል ማለት ነው። ይሁንና በዚያው ጥናት አማካይ ስሌት፣ በሊትር 263 ሚሊግራም ሆኖ የገባው ሲወጣ 93 ነበር። የአሜሪካ የአፈር ጥበቃ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው የአሠራር መመሪያ ግን ለሚወጣው ውሃ የታለመው ከ30 ያልበለጠ ነው። ስለዚህ በመቶኛ ሲነገር የሚያስመሰግነው ውጤት፣ በመመሪያው ሚዛን ሲለካ ከግቡ ሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ይገኛል። በአሞኒያ መልክ ያለው ናይትሮጂንም ከ122 ወደ 64 ቢወርድ፣ ዓሣው የሚኖረው በተረፈው 64 ውስጥ እንጂ በተወገደው 48 በመቶ ውስጥ አይደለም። እርግጥ ነው፣ በአሜሪካ ብዙዎቹ እርባታዎች ከረግረጉ የወጣውን ውሃ በማሳ ላይ ይረጩታል እንጂ ወደ ወንዝ አይለቁትም፤ ለእነርሱ 93 ውድቀት አይደለም። የሚያሳስበን ይህ ልዩነት ሳይነገር መቶኛው ብቻውን ባሕር ሲሻገር ነው።

ሌላው ቅር ያሰኘን «ተክሎች ያጣራሉ» የሚለው አነጋገር ነው። ኬቴ ዛይደል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጀርመን አገር ሙከራዋን ስትጀምር ትኩረቷ በተክሉ ችሎታ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተካሄደው ምርምር ግን የሥራውን አብዛኛውን ክፍል የሚያከናውኑት በሥሩ፣ በግንዱና በጭቃው ላይ የሚሰፍሩት ረቂቅ ተሕዋስያን መሆናቸውን አሳይቷል፤ ተክሉ ቤት ሰጪ ነው ብንል ይቀላል። አሞኒያ ወደ ናይትሬት ለመለወጥ ኦክሲጅን ይሻል፤ ናይትሬቱ ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ለመውጣት ደግሞ ኦክሲጅን የሌለበት ጭቃ ያስፈልገዋል። በሰሜን ካሮላይና፣ በዱፕሊን ካውንቲ በአሳማ ፍሳሽ ላይ በተደረገው ሙከራ ማነቆ የሆነው የመጀመሪያው ደረጃ ነበር፤ ጭቃው ለሁለተኛው ተዘጋጅቶ ሳለ ኦክሲጅን አጠረ። ተክሉ የመጠጠው ናይትሮጂንም ካልታጨደ ሲበሰብስ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል። በጣና ደንገል ለታንኳ ይታጨዳል፤ በእርባታው ረግረግ ፊላውን ማን እንደሚያጭድና የት እንደሚያደርሰው ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ዘዴው በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ የወተት ላም እርባታዎች ይበጃል የሚል ሐሳብ ቢቀርብ አንቃወምም፤ ብዙ ኤሌክትሪክ አለመጠየቁ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን መመሪያው በአንድ ሄክታር በቀን የሚፈቅደው ጭነት 73 ኪሎግራም ያህል ስለሆነ፣ ላሞቹ በበዙ ቁጥር መሬቱም አብሮ መስፋት አለበት፤ ከከተማ አጠገብ ደግሞ መሬት እንደ ልብ አይገኝም። በበጋ ውሃው ሲተን የቀረው ፍሳሽ ይወፍራል፤ ዝናቡ ባቀጠነው የክረምት ውሃ ላይ ብቻ የተለካ ቁጥርም አያስተማምንም። ወደ አቃቂ ወንዝ ሊለቀቅ የታሰበ ውሃ ካለ፣ በጥርና በየካቲት ተለክቶ፣ የገባውና የወጣው በሚሊግራም ተለይቶ ከመቶኛው በፊት ይቅረብልን።