ሐኪም ያባረረውን ነርስ መለሰችው

እ.ኤ.አ. በ1902 የኒው ዮርክ ሐኪሞች በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ትራኮማ፣ ጭርት ወይም ቅማል ያለበትን ልጅ ወደ ቤቱ ይሸኙ ነበር። የሚያክመው ግን አልነበረም፤ የተባረረው ልጅ ማታ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር መንገድ ላይ ይጫወታል። (ተላላፊ በሽታ መከላከል እንዲህ ከሆነ!) በዚያ ዓመት የነርሶች መሪ የነበረችው ሊሊያን ዋልድ ከነርሶቿ አንዷን፣ ሊና ሮጀርስን፣ ለአንድ ወር ሙከራ ወደ ትምህርት ቤቶቹ ላከች። ድርሻዋ 4 ትምህርት ቤቶችና ወደ 10,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ነበሩ። ሮጀርስ ቁስሉን እዚያው አጥባ፣ ቀብታና አሽጋ ልጁን ወደ ክፍሉ ትመልሳለች፤ ከዚያ እናቶችን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ታስተምራለች። እኔን የሚደንቀኝ ይህ ሁለተኛው ሥራዋ ነው፤ ያለ እናት እጅ ቅማል አይጠፋምና። ከተማዋ ብዙም ሳትቆይ ሌሎች ነርሶች ቀጠረች። በሴፕቴምበር 1902 ከ10,000 በላይ የነበረው የተባራሪ ቁጥር በዓመቱ ወደ 1,100 ገደማ ወረደ።